ለሞተ እድር አለን፤ እውነት ተናግሮ እንጀራውን ላጣስ?

የዛሬው ጽሁፌ ረዘም ይላል። ሻያችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ቀኖቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በየዓመቱ እዚህ ሰፈር የሚዞር አንድ ፎቶ አለ። አንዲት ጥቁር ሴት አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጣ ወደ ውጭ ታያለች፤ ከኋላዋ አንድ ነጭ ሰውዬ ተቀምጧል። ሴትየዋ ሮዛ ፓርክስ ናት። ከፎቶው ስር «አንዲት ሴት ብቻዋን እምቢ ብላ ዓለምን ቀየረች» የሚል ይጻፍበታል። እኛም ላይክ አድርገን እናልፋለን።

ፎቶው ግን እምቢ ባለችበት ቀን የተነሳ አይደለም። የተነሳው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ትግሉ በድል ካለቀ በኋላ፣ ለጋዜጣ ተብሎ ነው። ከኋላዋ የተቀመጠውም ሰውዬ ጋዜጠኛ ነበር። እኔን የሚከነክነኝ ያ «ብቻዋን» የሚለው ቃል ነው። እኛ ስደተኞች ስለ ድፍረት ስናወራ አንድ ሰው ፈልገን፣ ከፊት አቁመን፣ አጨብጭበንለት ወደየቤታችን የመግባት ልማድ አለን። የሮዛ ፓርክስ ታሪክ ሙሉውን ሲታይ የሚያስተምረው የዚህን ተቃራኒ ነው።

እስቲ ከአውቶቡሱ ልጀምር። በአላባማ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ከተማ፣ የፊተኞቹ አስር መቀመጫዎች ለነጮች የተጠበቁ ነበሩ። ባዶ ቢሆኑ እንኳን ጥቁር ሰው ቆሞ ይሄዳል እንጂ እዚያ አይቀመጥም። መሀል ላይ ጥቁሮች መቀመጥ ይችላሉ፤ ነጭ ተሳፋሪ ወንበር ሲያጣ ግን ሹፌሩ «ተነሱ» ይላቸዋል። ለአንድ ነጭ ሲባል በረድፉ ያሉት ጥቁሮች በሙሉ ይነሳሉ፤ ጥቁርና ነጭ በአንድ ረድፍ አይቀመጡማ! ብዙ ጊዜ ጥቁሩ ሰው በፊተኛው በር ገብቶ ከከፈለ በኋላ ወርዶ በኋላው በር እንዲገባ ይታዘዛል። አንዳንዱ ሹፌር ደግሞ ገንዘቡን ተቀብሎ ሰውየው ኋላው በር ጋ ሳይደርስ ጥሎት ይሄዳል። ሹፌሩ ይህን ሁሉ የሚያደርገው በጉልበቱ ብቻ አልነበረም፤ መቀመጫ በማስለወጥ ረገድ የከተማው ደንብ የፖሊስ ስልጣን ሰጥቶታል።

አንድ ነገር ያዙልኝ። ከተሳፋሪው አራት እጅ ሶስቱ እጅ ጥቁር ነበር። ኩባንያውን በሳንቲማቸው የሚያኖሩት እነዚያው የሚዋረዱት ሰዎች ናቸው።

ሐሙስ ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ማምሻውን ሮዛ ፓርክስ ከስራ ስትመለስ መሀል ላይ ተቀመጠች። የ42 ዓመት ሴት ናት፤ አንድ ትልቅ የልብስ መደብር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበረች። መንገድ ላይ ሰው ሲበዛ አንድ ነጭ ቆሞ ቀረ። ሹፌሩ በረድፉ ያሉትን አራቱን ጥቁሮች እንዲነሱ አዘዘ። ሶስቱ ተነሱ። እሷ አልተነሳችም። ፖሊስ ተጠርቶ መጥቶ ወሰዳት።

ከዚያ በኋላ «ምስኪን፣ እግሯ ደክሟት እኮ ነው» የሚል ወሬ ተወራ፤ እስከ ዛሬም ለልጆች የሚነገረው ይሄ ነው። እሷ ራሷ ግን በኋላ አስተባብላዋለች። የዚያን ቀን ሰውነቷ ከሌላው ቀን የተለየ ድካም አልነበረበትም። «ደከማት» የሚለው ወሬ የአስራ ሁለት ዓመት ስራዋን ይሰርዝባታል።

ምን ስትሰራ ነበር? እ.ኤ.አ. በ1943 ኤንኤኤሲፒ የተባለው የጥቁሮች መብት ማህበር የሞንትጎመሪ ቅርንጫፍ ውስጥ ገብታ ጸሀፊ ሆነች። ያለ ደመወዝ የሰዎችን በደል እየጻፈች ትይዝ ነበር። በ1944 ሬሲ ቴይለር የምትባል ጥቁር ሴት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በመሳሪያ ተገዳ በነጮች በቡድን ስትደፈር፣ ወደ አቤቪል ሄዳ ቃሏን የተቀበለችው ሮዛ ናት። ደፋሪዎቹ ግን አንዳቸውም አልተቀጡም። መራጭ ሆና ለመመዝገብ ሁለት ጊዜ ሞክራ ተከለከለች፤ በሶስተኛው በ1945 ተሳካላት። እሱም ቢሆን የምርጫ ግብር የሚባለውን፣ በዓመት አንድ ዶላር ከሃምሳ፣ ወደ ኋላ ተቆጥሮ 16 ዶላር ከ50 ሳንቲም ከፍላ ነው። በ1955 በጋ ቴነሲ ውስጥ ሃይላንደር በተባለ ትምህርት ቤት የመለያየት ስርዓትን ስለማፍረስ ለሁለት ሳምንት ሰለጠነች። ከመታሰሯ አራት ቀን በፊት ደግሞ ሚሲሲፒ ውስጥ ስለተገደለው የ14 ዓመት ልጅ፣ ስለ ኤሜት ቲል፣ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጣ ሰማች። ገዳዮቹ ነጻ ወጥተው ነበር።

አውቶቡሱን ይነዳ የነበረውም ሹፌር አዲሷ አልነበረም። በ1943 በፊተኛው በር ገብታ በዚያው ልትቀመጥ ስትል ከአውቶቡስ ያስወረዳት ያው ሰው ነው።

ልብ በሉ፤ ይሄ ሁሉ ዓመት አብዛኛው ሽንፈት ነበር። የጻፈችው በደል ሁሉ ፍርድ አላገኘም። ድፍረት የምንለው ነገር እንደ መብረቅ ድንገት የወረደባት ሳይሆን፣ እየተሸነፈችም መዝገቡን ሳትዘጋ ስትይዝ የኖረችው ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ሐሙስ ማታ ከእስር በዋስ የወጣችው ኢ.ዲ. ኒክሰን የተባለ የማህበሩ ሰው፣ ከነጭ ጠበቃ ጓደኛውና ከጠበቃው ሚስት ጋር ሆኖ ስለደረሰላት ነው። በዚያችው ሌሊት ጆ አን ሮቢንሰን የምትባል የኮሌጅ መምህርት ከሁለት ተማሪዎቿና ከአንድ የስራ ባልደረባዋ ጋር ኮሌጁ ውስጥ ገብታ በማባዣ ማሽን በአስር ሺዎች የሚቆጠር በራሪ ወረቀት ስታትም አደረች። መልእክቱ አጭር ነው፦ አንዲት ሴት ታስራለች፤ ሰኞ አውቶቡስ አትሳፈሩ። ይህች መምህርት የምትመራው የሴቶች ማህበር የአውቶቡስ ማቆም ሀሳብን ለከተማው ከንቲባ በደብዳቤ የጠቀሰው ከዚያ በፊት በ1954 ነበር። ዝግጁ ነበሩ። አርብ ጠዋት ወረቀቱ ከትምህርት ቤት ወደ ፀጉር ቤት፣ ከፀጉር ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ተዳረሰ።

ሰኞ ዲሴምበር 5 ፍርድ ቤት ቀርባ 10 ዶላር ቅጣትና 4 ዶላር የፍርድ ቤት ወጪ ተፈረደባት። አውቶቡሶቹ ግን ባዶአቸውን ሄዱ። ያን ዕለት አዲስ ማህበር ተቋቁሞ የ26 ዓመት ወጣት ቄስ መሪው ሆነ፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ። ለአንድ ቀን የታሰበው ነገር 381 ቀን ፈጀ።

381 ቀን በምን ይቻላል? በጭብጨባ አይቻልም። መጀመሪያ ጥቁር የታክሲ ሹፌሮች በአውቶቡስ ዋጋ በ10 ሳንቲም ይጭኑ ነበር፤ ከተማው ዝቅተኛው የታክሲ ዋጋ 45 ሳንቲም ነው ብሎ ከለከላቸው። ከዚያ መኪና ያለው መኪናውን አመጣ፤ ወደ ሶስት መቶ መኪና ሰዓትና ፌርማታ ተመድቦለት ሰው ያመላልስ ጀመር። ሮዛ ራሷ ለተወሰነ ጊዜ መኪና መዳቢ ሆና ሰርታለች። ፖሊስ ሹፌሮቹን በትንሽ በትልቁ ይቀጣል፤ ኪንግን ራሱን በፍጥነት ነድተሃል ብለው አስረውታል። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ውል ሲሰርዙባቸው ለንደን ድረስ ሄደው ዋስትና ገዙ። መኪና ያልደረሰው በእግሩ ሄደ፤ አሮጊቶች፣ ሰው ቤት የሚሰሩ ሴቶች፣ በክረምት ብርድ።

ጆርጂያ ጊልሞር የምትባል ወጥ ቤት ሰራተኛ ነበረች። ፍርድ ቤት ቀርባ ስለ አውቶቡሱ በደል መሰከረች፤ ስራዋን አጣች። እሷና ጓደኞቿ ዶሮ እየጠበሱ፣ ኬክ እየጋገሩ ሸጠው ለመኪናዎቹ ቤንዚን ገንዘብ ያዋጡ ነበር። የቡድናቸው ስም በግርድፉ «ከየትም ያልመጣ ክለብ» እንደማለት ነው። ገንዘቡ ከየት መጣ ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ «ከየትም» እንዲሆን ነዋ! ስሟ እንዳይታወቅ የፈለገች የሰው ቤት ሰራተኛም ሳንቲሟን በዚህ መንገድ ታስገባ ነበር። እመቤቷ አታውቅም፤ ቤንዚኑ ግን ይገዛል።

በጃንዋሪ 1956 የኪንግ ቤት ላይ ቦምብ ተጣለ። በፌብሩዋሪ ወደ ዘጠና የሚጠጉ ሰዎች አድማ አድርጋችኋል ተብለው ተከሰሱ፤ ሮዛም አንዷ ናት። ሰዎቹ ፖሊስ እስኪመጣባቸው አልጠበቁም። ጥሩ ልብሳቸውን ለብሰው በራሳቸው እግር ሄደው «የምትፈልጉን እኛን ነው ወይ?» አሉ። እስር ቤት የሚያስፈራው ብቻህን ስትገባ ነው፤ ተሰልፈው ሲገቡበት ፖሊሶቹ ግራ ገባቸው።

በመጨረሻ ህጉን የሰበረው ፍርድ ቤት ነው። በኖቬምበር 1956 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአውቶቡስ ላይ በዘር መለያየት ህገ መንግስቱን ይጥሳል የሚለውን ውሳኔ አጸና። የዚያ ክስ ከሳሾች ውስጥ ሮዛ ፓርክስ የለችበትም። አራት ሌሎች ሴቶች ናቸው። አንዷ ክሎዴት ኮልቪን ትባላለች።

ክሎዴት ማን ናት? ከሮዛ ዘጠኝ ወር በፊት፣ በማርች 2 ቀን 1955፣ በዚያችው ከተማ አልነሳም ብላ የታሰረች የ15 ዓመት ተማሪ። መሪዎቹ ጉዳዩዋን አይተው አመነቱ። ልጅ ናት፣ ከድሃ ሰፈር ናት፣ ቁጡ ናት ተባለ፤ በኋላም ሳታገባ አረገዘች። የትግሉ ፊት ልትሆን አትችልም ብለው ተዉአት። ክሱ ሲመጣ ግን ያችው የተተወችው ልጅ ፍርድ ቤት ቆማ መሰከረች፤ ድሉም በእሷና በጓደኞቿ ስም ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ ሞንትጎመሪ ውስጥ ስራ ማግኘት ከበዳት፤ በ1958 ወደ ኒው ዮርክ ሄዳ ለረጅም ዘመን በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ረዳት ነርስ ሆና ሰራች። አሜሪካ ያላችሁ እህቶቼ፣ ሽማግሌ ስታገላብጡ የምታድሩት፣ ስራውን ታውቁታላችሁ።

ሮዛስ? ብዙ ሰው የማያውቀው ይሄን ነው። ከታሰረች ከአንድ ወር በኋላ ከስራዋ ተሰናበተች። ፀጉር አስተካካይ የነበረው ባሏ ሬይመንድም ስራውን ለቀቀ። ቤታቸው ስልኩ ሲጮህ እንገድልሃለን የሚል ነው። ንቅናቄው ውስጥ ብዙ ሰርታለች፤ ደመወዝ ያለው ቋሚ ስራ ግን አልተሰጣትም። በ1957 እናቷንና ባሏን ይዛ ወንድሟ ወዳለበት ወደ ዲትሮይት ተሰደደች። አዎ፣ «ተሰደደች» ነው የምለው። በገዛ አገሯ፣ ለኑሮዋና ለህይወቷ ፈርታ የትውልድ ግዛቷን ለቀቀች። ሰሜኑ ነጻነት ነው ሲባል የደረሰችበት ከተማ ደግሞ ጥቁርና ነጭ በሰፈርና በቤት ኪራይ የተለያዩበት ሆኖ አገኘችው። ታመመች፣ ተበደረች፣ ልብስ ሰፋች። በቂ ደመወዝ ያለው ቋሚ ስራ ያገኘችው በ1965 ነው፤ ጆን ኮንየርስ የተባለ የኮንግረስ ተመራጭ ዲትሮይት ባለው ቢሮው ሲቀጥራት። ከመታሰሯ ጀምራችሁ ቁጠሩ፤ አስር ዓመት ገደማ ነው። በ2005 በ92 ዓመቷ ስትሞት አስከሬኗ በአሜሪካ ምክር ቤት ህንጻ በክብር ተቀመጠ፤ እንዲህ ያለ ክብር ለሴት ሲሰጥ እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

ወገኖቼ፣ የሞተችውን እንዲህ ያከበሩ ሰዎች በቁሟ ሳለች የቤት ኪራይ አልከፈሉላትም። ሞንትጎመሪ ለ381 ቀን ያደረገችው ነገር ድንቅ ነው፤ በ382ኛው ቀን ግን ዋጋ የከፈለችውን ሴት ረስታታለች። ሁለቱንም አብረን እንማር።

አሁን ስለ እኛ። እኔ ድሮ በነበርኩበት ካምፕ ውስጥ አንዲት እናት በስብሰባ መሀል ተነስታ «የአንዳንዶቻችን ስም ከዝርዝር ላይ የሚጠፋው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ። በሚቀጥለው ወር የምትሰራበት የኢንሴንቲቭ ስራ ላይ «አታስፈልጊም» ተባለች። የትኛው መስሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ ነጥቤም እሱ አይደለም። ነጥቤ ከዚያ በኋላ ጎረቤት የሆነው ነው። ቤቷ ቡና ሊጠጣ የሚመጣ ሰው ጠፋ። ከእሷ ጋር ከታየሁ ፋይሌ ይነካል ብሎ ሰው ሁሉ ሸሸ። ያጨበጨቡት እጆች በሯን አላንኳኩም። ዱቄትና የልጅ ወተት ይዘው የሄዱት ሶስት ሴቶች ነበሩ፤ ቋንቋዋን እንኳን በደንብ አይናገሩም። «ስራውን ማጣቴ አይደለም ያመመኝ፤ ጀበናዬ መቀዝቀዙ ነው» ብላ የተናገረችው ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አንዳንድ ወንድሞች ሁሌ የሚነግሩኝ አለ። «ሮዛ ፓርክስ ዜጋ ናት። ህገ መንግስት ነበራት፣ ጠበቃ ነበራት። እኛ በሰው አገር እንግዳ ነን፤ ወረቀታችን በእነሱ እጅ ነው። ዝም ያለ ይኖራል።» ይህ ከባድ ነገር ነው፤ በቀላሉ አላልፈውም። እውነትም እኛ የምንከለክለው የአውቶቡስ ሳንቲም እንኳን የለንም። ልጅ ያዘለች ወረቀት የሌላትን እናት ሂጂና ከፖሊስ ጋር ተጋፈጪ የሚል ሰው እኔ አይደለሁም፤ እንዲህ የሚላችሁን ደግሞ አትስሙት።

ግን የሞንትጎመሪን ቁጥር ተመልከቱ። አውቶቡስ የተዉት ጥቁሮች ወደ 40 ሺህ ይጠጋሉ፤ የተከሰሱት መቶ አይሞሉም። የቀረው ሰው ያደረገው ነገር በእግሩ መሄድ፣ ጎረቤቱን በመኪናው ማድረስ፣ ኬክ መጋገር፣ አስር ሳንቲም ማዋጣት ነው። ስሙ እንዳይታወቅ የፈለገውም ቦታ ነበረው፤ «ከየትም» ብሎ ይሰጣል። ሁሉም ሰው ከፊት ይቁም ማለት አይቻልም። ከኋላ ለመቆም ግን ወረቀት አይጠየቅም፤ ዜግነትም አያስፈልገውም።

ደግሞም እኛ ከኋላ መቆምን ከማንም አንማርም። እድር አለን! ሰው ሲሞት ማን ጠርቶን ነው ድንኳን የምንተክለው? ንፍሮ የምንቀቅለው፣ ሳምንት የምናስተዛዝነው? ናይሮቢ ውስጥ የራሱን ኪራይ መክፈል ያቃተው ሰው የእድር ወርሀዊ ክፍያውን አያሳልፍም። ባህር ማዶ ያሉ ዘመዶቻችን አስከሬን አገር ቤት ለማስገባት በአንድ ሌሊት ስንት ያዋጣሉ! ለሞተ እንዲህ የምንሆን ሰዎች፣ እውነት ተናግሮ በቁሙ እንጀራውን ላጣ ሰው ምንም የለንም። ልክ አይደለም።

ስለዚህ ሀሳቤ ይሄ ነው። በየእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ላይ አንድ አንቀጽ እንጨምር። አንድ አባል በምስክርነት ወይም በህጋዊ አቤቱታ ምክንያት ገቢውን ካጣ፣ እድሩ ለሶስት ወር የምግብና የኪራይ ድጋፍ ያድርግለት። ለቀጠሮ ሲጠራ ሁለት ሰው አብሮት ይሂድ። ቤቱ ቡና በተራ ይፈላ፤ ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ግን ከገንዘቡ ይበልጣል። ለግል ጸብ እንዳይውል ደግሞ ኮሚቴው ያጣራ፦ የተናገረው ነገር እውነት ነው ወይ? መንገዱ ህጋዊ ነው ወይ? ለጋራ ጥቅም ነው ወይ? እነዚህ ሶስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። አራተኛ ጥያቄ ግን አይጨመር። «የማን ዘር ነው? የየትኛው ሃይማኖት ነው? ያገባች ናት?» የሚል ጥያቄ ክሎዴት ኮልቪንን ያስተወው ዓይነት ጥያቄ ነው። እሷን የተዉአት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ «ለትግሉ ይበጃል» ብለው ነው። እኛም ስንተው ሁሌ የሚበጅ ምክንያት አናጣም።

አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶቼ፣ ለእናንተ አንድ የተለየ ቃል አለኝ። ከ1965 በፊት የአሜሪካ የስደት ህግ ለኢትዮጵያ የሰጠው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ያን የዘርና የትውልድ አገር ኮታ ያፈረሰው ህግ በኦክቶበር 3 ቀን 1965 ተፈረመ፤ ጥቁሮች በዘር መለያየትን ታግለው የሲቪል መብት ህጉንና የምርጫ መብት ህጉን ባስወጡበት በዚያው ወቅት፣ በዚያው ግፊት ማለት ነው። የ1980ው የስደተኞች ህግ ከዚያ በኋላ መጣ፤ ብዙዎቻችሁ በእሱ ገባችሁ። ሞንትጎመሪ ውስጥ በእግራቸው የሄዱት ሴቶች ስለ እናንተ አያውቁም ነበር። በከፈቱት በር ግን ገብታችኋል። ብድሩን ለእነሱ መመለስ አይቻልም፤ ገና በር ላይ ለቆመው ግን ይቻላል። ለቀብር ከምታዋጡት ላይ ትንሽ ቀንሳችሁ በህይወት ላለ ተናጋሪ ብታደርጉት፣ የሞተው አይቀየማችሁም።

በዚህ ወር መጨረሻ የእድር ስብሰባ ያላችሁ፣ ይህን ሀሳብ አጀንዳ አስይዙልኝ። ተቃውሞ ካለም በግልጽ ይነሳና እንወያይበት፤ አንቀጹን የሚያሻሽል ሀሳብ ያለው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ስብሰባው እስኪደርስ ደግሞ እስቲ እያንዳንዳችን በሰፈራችን አንድ ሰው እናስታውስ፤ ስለ እኛ ተናግሮ እኛ የራቅነው ሰው አይጠፋም። ነገ ስኳርና ቡና ይዛችሁ ሂዱና በሩን አንኳኩ።

አክባሪያችሁ፣ ከናይሮቢ።